አንድ ጀሪካን ፍሳሽ ስጧቸው

አዲስ ቀይ ሻርፕ ለመጀመሪያ ጊዜ ያጠበ ሰው ሳፋው ውስጥ የሚሆነውን ያውቃል። ውሃው ደም ይመስላል። «ቀለሙ ለቀቀ» ብለን እንደፋዋለን። ፋብሪካ ውስጥ ግን የሳፋው ልክ ሌላ ነው። ጥጥ በብዛት የሚነከርበት ሪአክቲቭ የሚባለው ቀለም ሙሉ በሙሉ ጨርቁ ላይ አይቀርም። እንደ ዓይነቱ ከ10 እስከ 40 በመቶው ከእጣቢው ጋር ይወጣል። ካልተጣራ መድረሻው ወንዝ ነው። ከፋብሪካ ከተማዋ ከኮምቦልቻ በታች ያለው ውሃ ቦርከና ወንዝ ይገባል፤ ቦርከና ደግሞ አዋሽ። እዚያ ከብት ይጠጣል፣ አትክልት ይለማል።

ቀለሙን ለመያዝ የተፈጥሮ ፖሊመሮች፣ ማለትም እንደ ሰንሰለት የተቀጣጠሉ ረጃጅም ሞለኪውሎች፣ በእውነት ተስፋ አላቸው። ኪቶሳንን እንውሰድ። የሚሠራው ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት ነው። አሴቲክ አሲድ ውስጥ ይሟሟል። ከዚያ በስሪንጅ ጠብ ጠብ እያደረጉ ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ሲጥሉት ምስር የሚያካክሉ ነጭ እንክብሎች ይሆናል። እነሱን ቀለም ባለው ውሃ ውስጥ ሲያማስሏቸው ውሃው እየጠራ፣ እንክብሎቹ እየደመቁ ይሄዳሉ። ምስጢሩ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው። ትንሽ አሲድነት ባለው ውሃ ኪቶሳን ፖዘቲቭ ነው፣ ሪአክቲቭ ቀለም ኔጌቲቭ። ይሳሳባሉ።

እኛ ግን ባሕር የለንም። ያለን የቡና ገለባና የተጨመቀ ሸንኮራ አገዳ ነው። የእነዚህ ዋና አካል ሴሉሎስ ነው፤ ሴሉሎስ ደግሞ ውሃ ውስጥ ራሱ ኔጌቲቭ ነው። ሪአክቲቭ ቀለምን ይገፋዋል።

ቅሬታዬ እዚህ ጋ ነው። ብዙ የላብራቶሪ ጥናቶች ገለባን «ርካሽ» ማጣሪያ ብለው የሚሞክሩት ሜቲሊን ብሉ በሚባል ሰማያዊ ቀለም ነው። ይህ ቀለም ፖዘቲቭ ስለሆነ ገለባ ላይ በቀላሉ ይለጠፋል። ውጤቱ ያምራል፣ ተማሪው ይመረቃል። ግን ጥጥ ፋብሪካው የሚነክረው በሱ አይደለም! ደግሞ ሙከራው የሚካሄደው በተጣራ ውሃ ነው። ከማቅለሚያው ማሽን የሚወጣው ውሃ እንደዚያ አይደለም። 60 ዲግሪ ገደማ የሞቀ፣ ጨው የበዛበት፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ10 በላይ የሆነ፣ ማለትም ከአሲድ ተቃራኒ የሆነ ነው። በዚያ ፒኤች ኪቶሳን እንኳ ፖዘቲቭ ቻርጁን ያጣል። ጨው ደግሞ መሳሳቡን ያደክመዋል።

መፍትሔ የለም እያልኩ አይደለም። ገለባውን በኬሚካል አክሞ ፖዘቲቭ ማድረግ ይቻላል። የፍሳሹን ፒኤች ቀድሞ ማውረድም ይቻላል። ሁለቱም ግን ወጪ አላቸው። «ርካሽ» የምትለዋ ቃል የጥናቱ ጽሑፍ ላይ ከመግባቷ በፊት ይህ ወጪ መደመር አለበት። ቀለም የጠገበው ገለባስ የት ይሄዳል? ሜዳ ላይ ከተጣለ ዝናብ መልሶ ያወርደዋል። በኮስቲክ ሶዳ ካጠቡት የወፈረ ባለቀለም ፈሳሽ ይተርፋል፤ እሱም ማከሚያ ይፈልጋል። ይህ ጥያቄ ሲመለስ የማየው ከስንት አንዴ ነው።

ፋብሪካዎች ለተማሪዎች በር ቢከፍቱ ምን ይጎድልባቸዋል? ከማቅለሚያው መውጫ የተቀዳ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል። አማካሪ መምህራንም ቢያንስ አንድ ሙከራ በዚያ ውሃ ካልተሠራ አይፈርሙ። ከውሃው የተያዘው ቀለም ከ90 በመቶ ወደ 30 ቢወርድ እንኳ ይጻፍ። ቀጥሎ የሚመጣው ተማሪ ከ30 ይጀምራል።