ሁለት ምስክር መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም
«በሾፍቲም ንባብ (አይሁድ በየሳምንቱ ከሚያነቧቸው የኦሪት ክፍሎች አንዱ) ሁለት ምስክር ከተገኘ የሞት ፍርድ ይሰጣል» መባሉ ለስህተት ይዳርጋል። ዘዳግም 17፥6 የሚያስቀምጠው ዝቅተኛውን ቁጥር ነው። በሚሽና (የጥንት አይሁድ የቃል ሕግ ስብስብ) ሥርዓት ምስክሮቹ ለየብቻ እየገቡ ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ይመረመራሉ። አንዱ «ወር በገባ በ2» ሌላው «በ3» ቢል ምስክርነቱ ይጸናል፤ ያለፈው ወር 30 ቀን መሙላቱን አንደኛው ላይሰማ ይችላላ! «በ3» እና «በ5» ከሆነ ግን ውድቅ ነው። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ሳይጠቀስ መታለፉ ያሳዝናል። የሞት ጉዳይ ከሚያዩት 23 ዳኞች በአንድ ድምፅ ብልጫ ተከሳሹ ነጻ ይወጣል፤ ለመፍረድ ግን ቢያንስ የሁለት ብልጫ ያስፈልጋል። «የሞት ጉዳይ ዓርብ ለምን አይዳኙም?» ለሚሉ፦ ነጻ ማውጣት በዕለቱ ይቻላል፤ የሞት ፍርድ ግን ለማግስቱ ያድራል፣ ማግስቱ ደግሞ ሰንበት ነው።