«አንተ» የሚባባሉ ፖሊሶች

የስካንዲኔቪያ የወንጀል ልብ ወለዶች በትርጉም ሲነበቡ ይህን ያህል ለምን እንደሚወደዱ ሲጠየቅ፣ በብዛት የሚሰማው መልስ በረዶው፣ ረጅሙ ክረምትና ብቸኛው ቆዛሚ መርማሪ ነው። ይህ መልስ የመጻሕፍቱን ሽፋን ተመልክቶ የቆመ ይመስለኛል። እኔ እንዳነበብኳቸው እነዚህ መጻሕፍት የክስ መዝገቦች ናቸው፤ ከነፍሰ ገዳዩ ጎን ሁልጊዜ አንድ ሁለተኛ ተከሳሽ ይቆማል፤ እሱም አገሩ ነው።

መነሻቸው ሳይጋቡ አብረው የኖሩ የሁለት ሰዎች ሥራ ነው። ማይ ሼቫልና ፔር ቫሉ የተባሉ ስዊድናውያን ጋዜጠኞች ከ1965 እስከ 1975 ባሉት ዓመታት (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)፣ ልጆቻቸውን ካስተኙ በኋላ ማታ ማታ ምዕራፍ እየተከፋፈሉ፣ ማርቲን ቤክ ስለተባለ የስቶክሆልም መርማሪ ዐሥር ልብ ወለዶች ጻፉ። ለዐሥሩም የሰጡት የጋራ ስም «የአንድ ወንጀል ታሪክ» የሚል ሲሆን፣ ግራ ዘመም ለነበሩት ለሁለቱ ጸሐፊዎች ትልቁ ወንጀል የስዊድን መንግሥት ለሠራተኛው ሕዝብ የገባውን ቃል ማጠፉ ነበር። የስዊድን ሶሻል ዴሞክራቶች መሪ ፔር አልቢን ሃንሰን በ1928 ባደረጉት ንግግር አገሪቱ «የሕዝብ ቤት» እንድትሆን፣ በዚያም ቤት ውስጥ የእንጀራ ልጅ የሚባል እንዳይኖር ተመኝተው ነበር። የወንጀል ልብ ወለዱ የገባው የእንጀራ ልጆቹን ሊቆጥር ነው።

የመጀመሪያው መጽሐፍ የሚከፈተው ደለል የሚዝቅ ማሽን ከዮታ ቦይ የአንዲት ሴት አስከሬን ሲያወጣ ነው። ፖሊሶቹ ስሟን ለማወቅ ብቻ ወራት ይፈጅባቸዋል። በእነዚያ ወራት ስልክ ይደወላል፣ ደብዳቤ ይጠበቃል፣ ሆዱን የሚያመው ቤክ አይስማማህም የተባለውን ቡና ይጠጣል። የተኩስ ልውውጥ የለመደ አንባቢ እዚህ ላይ መጽሐፉን ሊዘጋው ይችላል። ከአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ እስኪወጣለት ደጅ የጠና ሰው ግን ወረቀት ሲዘገይ የሚሰማውን ያውቃልና የበለጠ ይያዛል።

ሌላው ስዊድናዊ ደራሲ ሄኒንግ ማንኬል ክሱን ወደ እኛ ዓይነቱ አንባቢ አቀረበው። መርማሪውን ኩርት ቫላንደርን ያስተዋወቀው በ1991 የታተመ ልብ ወለድ ሲጀምር፣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ሌሊት ይነቃና የሆነ ነገር እንደጎደለ ይሰማዋል፤ የጎረቤቱ ባዝራ አላሽካካችም። ጎረቤቶቹ ባልና ሚስት በቤታቸው ተደብድበው ይገኛሉ። ሚስቲቱ ከመሞቷ በፊት የተናገረችው ቃል «የውጭ አገር» የሚል ነው። ቃሉ ከፖሊስ እጅ አፈትልኮ ዜና ሲሆን የስደተኞች መጠለያ ይቃጠላል፣ አንድ ሶማሊያዊም ይገደላል። መርማሪው ገዳዮቹን እየፈለገ፣ ጎን ለጎን አንዲት ቃል ያስነሳችውን እሳት ማጥፋት አለበት። ስደተኞች በሚበዙባቸው የስቶክሆልም ሰፈሮች፣ ሪንከቢ ወይም ቴንስታ፣ ለኖረ ሐበሻ ይህ የመዝናኛ ንባብ ብቻ ሊሆን አይችልም።

ክሱ በትርጉም ምን እንደሚደርስበት ለማየት የስቲግ ላርሰንን ዕጣ መመልከት ይበቃል። ላርሰን በ2004 ሞቶ በዓመቱ የወጣው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ በስዊድንኛ «ሴቶችን የሚጠሉ ወንዶች» ይባላል። እንግሊዝኛው ይህን አንስቶ ዘንዶ የተነቀሰችውን ልጅ ርእስ አደረጋት። በዋናው ርእስ ላይ የተከሰሱት ወንዶች ነበሩ፤ በእንግሊዝኛው ግን የሴቲቱ ገላ ማስታወቂያ ሆነ። ፈረንሳይኛው ወንዶቹን በርእሱ ላይ ስላስቀራቸው፣ ለውጡ የግድ ነበር ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው የሚጠፋ ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ለአማርኛ አንባቢ ግን ትልቅ ነው። እስከ 1960ዎቹ ድረስ ስዊድናዊ የማያውቀውን ወይም ከእሱ ከፍ ያለውን ሰው «አንተ» አይልም ነበር። በብዙ ቁጥር «እናንተ» ብሎ ማክበሩም ከላይ ወደ ታች እንደመናገር ስለሚቆጠር፣ ሰው ሁሉ በማዕረግ ዙሪያ ይሽከረከር ነበር። «ዶክተሩ ቡና ይፈልጋሉ?» ይባላል፤ ዶክተሩ ፊት ለፊት ቁጭ ብለው። በ1967 ብሮር ሬክሴድ የተባሉ ሐኪም የአገሪቱን የሕክምና ጉዳዮች መሥሪያ ቤት ሲረከቡ ሠራተኛውን ሁሉ «አንተ»፣ «አንቺ» እንደሚሉ አስታወቁ። ለውጡ ቀድሞም ተጀምሮ ነበር፤ ስሙ ግን ለእሳቸው ተረፈ። የማርቲን ቤክ መጻሕፍት የተጻፉት በዚሁ ሽግግር ወቅት ሲሆን፣ ቫላንደር ደግሞ የሚኖረው ተራ ፖሊስ አለቃውን «አንተ» በሚልበት አገር ነው።

እንግሊዝኛ ለሁሉም አንድ ቃል ስላለው ይህን ሁሉ ይውጠዋል። ስለዚህ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ ለኮሚሽነሩ «እርስዎ»፣ ለሳጅኑ «አንተ» እያለ በግምት ያከፋፍላል፤ ሳያውቀውም ስዊድናውያን ያፈረሱትን ደረጃ መልሶ ይገነባል። እነዚህን ልብ ወለዶች ወደ አማርኛ ማምጣት የሚፈልግ ካለ በቀጥታ ከስዊድንኛ እንዲያመጣቸው የምመኘው በዚህ ምክንያት ነው። ስዊድን ውስጥ ሁለቱን ቋንቋዎች እየተናገረ ያደገ ትውልድ ስላለ ምኞቱ የማይሆን አይደለም።

«አንተ»ን እንዳለ ማስቀመጥ አማርኛ አንባቢን ያስደነግጠዋል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። በእርግጥ ያስደነግጠዋል። አንዲት ወጣት ፖሊስ ፀጉሩ የሸበተ አለቃዋን «ተሳስተሃል» ስትለው አንባቢው ወይ ልትሰድበው ነው ወይ ፍቅረኛው ናት ብሎ ይጠረጥር ይሆናል። እኔ ብሆን ጥርጣሬውን አልነካበትም። ሃያ ገጽ ሳይሄድ ይለምደዋል፤ ከለመደው በኋላ አንድ ተጠርጣሪ ድንገት «እርስዎ» ብሎ መልስ ሲሰጥ፣ ሰውየው አንድ ነገር እየደበቀ እንደሆነ ከመርማሪው እኩል ይገባዋል።