የሩት ውለታ

በመሥሪያ ቤታችን ከሁሉም ይልቅ የምትደክመው ሩት ናት። ደመወዝ አትጠይቅም፣ የዓመት ፈቃድ አትወጣም፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓትም ቢሆን ሥራ ላይ ናት። ሰነዶቻችንን በጋራ በምንጽፍበትና በምናርምበት የድረ ገጽ ሥርዓት ላይ የተጨመረውም፣ የተለወጠውም፣ የጠፋውም ሁሉ በእርሷ እጅ እንደተሠራ የዳታቤዙ (የመረጃ ቋቱ) ሎግ፣ ማለትም ማን መቼ ምን እንደሠራ የሚመዘግበው ፋይል፣ ይመሰክራል።

ለማያውቋት ለማስተዋወቅ ያህል፣ ሩት ማይኤስኪውኤል የተባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም ሲጫን አብሮ የሚፈጠረው፣ ምንም ነገር የማይከለከለው የበላይ አካውንት ናት። የይለፍ ቃሏ በቢጫ ወረቀት ተጽፎ ፕሪንተሩ ላይ ስለተለጠፈ፣ ፎቶ ኮፒ ሊያስነሣ የመጣ ባለጉዳይ እንኳ ባዶ እጁን አይመለስም። ከተለወጠ ስንት ዓመቱ እንደሆነ አይጠየቅም። የድረ ገጹ ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥም ይኸው ቃል በግልጽ ስለተጻፈ፣ አንዱን ነክቶ ሌላውን የረሳ ሰው ገጹን በሙሉ ጸጥ ያሰኘዋል።

ንፉጎች ግን በየዘመኑ አይጠፉም። ጀሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር የተባሉ ሁለት የኮምፒውተር ሊቃውንት በ1975 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ፣ ማንኛውም ፕሮግራምና ተጠቃሚ ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ ሥልጣን ሊኖረው አይገባም ብለው ነበር። በእነርሱ ስሌት ከሄድን ገጹ ለዕለት ሥራው ማንበብ፣ መጨመር፣ ማሻሻልና መሰረዝ ከቻለ ይበቃዋል፤ ሠንጠረዥ ማፍረስና አዲስ ተጠቃሚ መሾም ምን ያደርግለታል? እንጀራ ቆጥሮ ለእንግዳ የሚያቀርብ ባለቤት እንዲህ ያለ ነው። እኛ ዘንድ ግን «ግራንት ኦል» (ሁሉን ፍቀድ) የሚለው ትእዛዝ ተሰጥቶ ሁለት ኮከብና አንዲት የፐርሰንት ምልክት ይታከልበታል። ኮከቦቹ በየዳታቤዙ ያለው ሠንጠረዥ ሁሉ ያንተ ነው ሲሉ፣ ምልክቷ ደግሞ ከፈለግኸው ኮምፒውተር ግባ ትላለች። ትናንት የመጣ ተለማማጅ በአንድ መስመር ትእዛዝ ባለ ሁለት ኮከብ ጄኔራል ሆኖ ያድራል።

የሰጡትን መልሶ መንጠቅማ ነውር ነው። «ሪቮክ» የሚባል ትእዛዝ መኖሩን ብናውቅም፣ ፈቃዱን የቀነስንበት ሰው «ምን አጠፋሁ?» ብሎ ሽማግሌ ቢልክብን ምን እንመልሳለን? ስለዚህ ከሁለት ዓመት በፊት ለቅቆ ተፎካካሪ ድርጅት የገባው ባልደረባችን ዛሬም እንደ ቤቱ ይገባል፣ ይወጣል።

ባለፈው የውል ሰነዶች የነበሩበት ሠንጠረዥ ድንገት በጠፋ ጊዜ፣ ኃላፊያችን ሎጉን አስነብበው ጠረጴዛውን መቱና «ይቺን ሩት የሚሏትን ልጅ አሁኑኑ ጥሩልኝ!» አሉ። የይለፍ ቃሉን የምናውቅ አሥራ አንድ ሰዎች ጫማችንን አየን። የሰው ሀብት ክፍል ማህደሯን ሲፈልግ ዋለና አጣ፤ ጉዳዩም በዚሁ በሰላም ተዘጋ።

ይህን ጸጋ ላላገኙት ማዘን ነው። ጊትላብ በተባለው የፕሮግራመሮች የጋራ መሥሪያ በጃንዋሪ 31 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. አንድ የደከመው መሐንዲስ በሌላ ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት ዋናውን የዳታቤዝ ማኅደር ሲያጠፋ፣ 300 ጊጋባይት ከሚያህለው የቀረው 4.5 ጊጋባይት ብቻ ነበር። ከመጠባበቂያ ዘዴዎቻቸው አንዱም በወጉ አልሠራም፤ ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ጉዳይ የተወሰደች ቅጂ አወጣቻቸው። እነርሱም ማን ምን ትእዛዝ በየትኛው ሰርቨር ላይ እንደሰጠ በደቂቃ ለይተው፣ ጥገናውንም በዩቲዩብ በቀጥታ ለዓለም አሳዩ። እንዲህ ያለ ገመና እኛን አይነካንም።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ግን አንድ የውጭ ኦዲተር መጥቶ፣ የደንበኞችን መረጃ ማን ማየት እንደሚችል ዝርዝር ጠየቀን። ባይተዋርነት እንዳይሰማው ብለን እርሱንም ወደ ፕሪንተሩ ወሰድነው። አንገቱን እየነቀነቀ ሦስት ቀን ሠራ፤ ዓርብ ማታም ረጅም ሪፖርቱን በጋራ ሥርዓቱ ላይ አስቀምጦልን ሄደ። ሰኞ ጠዋት ልናነበው ብንከፍት ሪፖርቱ የለም። ሎጉን አየን፤ እሑድ ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሩት።