ገጽ 61 ላይ የቆመ ለቅሶ

ለቅሶ ቤት ሄዳችሁ ታውቁ የለ? ሟች ባረፈ በማግስቱ ወዳጁ ይበዛል። በሕይወት እያለ ከሩቅ ሲያየው መንገድ ይቀይር የነበረ ሰውዬ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ፊት ወንበር ላይ ቁጭ ይላል። "ባለፈው ሳምንት እኮ አብረን ነበርን" እያለ ራሱን ይነቀንቃል። ይህ ነገር የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። 'የጽጌረዳ ስም' የተባለውን ልብ ወለድ የጻፈው ኢጣሊያዊ፣ ኡምቤርቶ ኤኮ፣ ሞቶ ሚላኖን እስካያት ድረስ።

ሰውየው ያረፈው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2016 አርብ ማታ፣ በ84 ዓመቱ ነው። እኔ ያኔ ባዳንቴ ነበርኩ። አንዲት አሮጊት ሲኞራ እጦራለሁ፤ መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ክንዳቸውን ይዤ ታች ወዳለው ባር ለካፑቺኖ አወርዳቸዋለሁ። ቅዳሜ ስንወርድ ባሩ ለቅሶ ቤት ሆኖ ጠበቀን። ድንኳን ብቻ ነው የጎደለው።

በሌላው ቀን የኳስ ጋዜጣ ከእጁ የማይለየው ጎረቤታችን "እኔ 'የጽጌረዳ ስም'ን ሁለቴ አንብቤዋለሁ" አለ። ኮት የለበሰው ደግሞ "እኔ ሦስቴ" አለ። ጨረታ መሰለኝ። ባሪስታው ቡና እየቀዳ "አራቴ" ብሎ ዘጋው። አሥራ አራት ሰዓት የሚቆም ሰው መቼ እንዳነበበው አልጠየቅንም። ለቅሶ ላይ ይሄ አይጠየቅም።

ከሁሉ የገረመኝ፣ አንዱ ስልኩን አውጥቶ የኤኮን ንግግር ያሰማን ጀመር። በ2015 ቶሪኖ ላይ የክብር ዲግሪ ሲሰጡት የተናገረው ነው። ድሮ ጅሎች ባር ውስጥ አንድ ብርጭቆ ወይን ጠጥተው ይቀባጥሩ ነበር፤ ቶሎ ዝም ይባሉ ነበር፤ ማንንም አይጎዱም። ዛሬ ኢንተርኔት ከኖቤል ተሸላሚ እኩል አፍ ሰጣቸው፤ ሐሳቡ ይህ ነው። ባሩ በሙሉ "እውነቱን ነው! እውነቱን ነው!" አለ። እኔ የወይን ብርጭቆዎቹን ቆጠርኩ። ገና ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው።

"እኔን ያስለቀሰኝ" አለ ባሪስታው፣ "መጨረሻ ላይ ያቺ ምስኪን ልጅ ስትተርፍ ነው።"

ሲኞራዬ ስኒያቸውን አስቀመጡ።

"በመጽሐፉ አትተርፍም።"

"ምን አሉ?"

"የቤተ ክርስቲያን መናፍቃን መርማሪው አስሮ ይዟት ይሄዳል። የምትተርፈው በፊልሙ ነው። ሾን ኮኔሪ በሠራበት፣ በ1986ቱ።"

ጸጥ አለ። የቡናው ማሽን ብቻ ፉ... አለ። ባሪስታው ስኒ ያጥብ ጀመር፤ የታጠበውን ስኒ። ኮት የለበሰው ሒሳቡን ከፈለ። እኔ በሲኞራዬ ኮራሁ። እንዲህ ያለ ምሁር ነው ለካ ካልሲ የማለብሰው!

ቤት ስንገባ ግን መጽሐፉን ከመደርደሪያው አወረድኩት። ጀርባው ፀሐይ በልቶት ነጥቷል። ከላይ ያለው አቧራ ጣት ያስጽፋል። ውስጡ የፋርማሲ ደረሰኝ ተቀምጧል፤ ዋጋው በሊሬ ነው። ኢጣሊያ ሊሬን የተወችው በ2002 ነው። ደረሰኙ ያለው ገጽ 61 ላይ።

"ሲኞራ፣ እዚህ ጋ ነው ያቆሙት?"

"አዎ። ላቲኑ በዛብኝ።"

"ታዲያ ልጅቷ እንደማትተርፍ በምን አወቁ?"

"ፀጉር ሠሪዬ ነግራኝ።"

አልፈርድባቸውም። መጽሐፉ 500 ገጽ ገደማ ነው። ታሪኩ በ1327 ሰሜን ኢጣሊያ ተራራ ላይ ያለ ገዳም ውስጥ ነው፤ መነኮሳት አንድ በአንድ ይሞታሉ፤ ዊልያም የሚባል ፍራንቸስካዊ መነኩሴ ገዳዩን ይፈልጋል። ይህ ጥሩ። መጀመሪያ ግን ስለ በርና ስለ ሐውልት፣ ስለ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳትና ስለ ንጉሠ ነገሥት ጠብ ትሰማለህ። አዘጋጆቹ የመጀመሪያዎቹን መቶ ገጾች ቀንስ ብለውት ነበር። እምቢ አለ። ገዳም ሊገባ የፈለገ የገዳሙን እርምጃ ይልመድ፤ ያልቻለ ከተራራው ሥር ይቅር ነው ነገሩ። እኔ ወዲያው የገባኝ ደብረ ዳሞ ነው። መቶው ገጽ ገመዱ ነው። ሲኞራዬ ገመዱን ይዘው ሥሩ ቆመው ቀሩ። ደብረ ዳሞ መቼም ለሴት አይፈቀድም፤ ከዚያ በላይ ምን ያድርጉ?

ደግሞም ባያነቡት ይሻላቸዋል። በገዳሙ ቤተ መጻሕፍት ስለ ኮሜዲ የተጻፈ የአርስቶትል መጽሐፍ ተደብቋል። አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ መነኩሴ ሳቅን ስለሚፈሩ ገጾቹን መርዝ ቀብተውታል። (ላላነበባችሁት ይቅርታ፤ ግን ብቻችሁን አይደላችሁም።) ጣቱን በምራቅ እያራሰ ገጽ የሚገልጥ ሁሉ ይሞታል። ጣትን በምራቅ ማራስ! ብር የሚቆጥር ዘመዴ ሁሉ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ከዚያ ገዳም እኛ ቤተሰብ ማንም አይተርፍም ነበር። ሲኞራዬ ግን ይተርፋሉ። መርዙ የሚሠራው በሚያነብ ላይ ነው።

ማክሰኞ ቀብሩ ነው ተባለ። ሥነ ሥርዓቱ ከቤቱ ፊት ለፊት ባለው በስፎርዜስኮ ግንብ ግቢ ነው፤ ሃይማኖታዊ አይደለም። ቄስ የለም፣ ፍትሐት የለም። ለጓደኛዬ ስነግራት "ታዲያ ምን ሊያደርጉ ተሰበሰቡ?" አለችኝ። ሚኒስትሮች መጡ፤ ኮሜዲያኑ ሮቤርቶ ቤኒኒ መጣ፤ ሕዝቡ ውጭ ድረስ ሞላ። ሲኞራዬ ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው ክንዴ ላይ ተደግፈው ቆሙ። ከጎናችን ደረቷ ላይ መጽሐፍ ያቀፈች ሴት ታለቅሳለች። ሰረቅ አድርጌ ገጹን አየሁት። ጠርዙ እንደ አዲስ ብር የተያያዘ ነው።

እዚያው አንድ ሽማግሌ ኢትዮጵያዊት መሆኔን ሲሰሙ "ኤኮ እኮ ስለ እናንተ ንጉሥም ጽፏል፤ ስለ ቄስ ዮሐንስ" አሉኝ። "ባውዶሊኖ" የተባለውን ልብ ወለዱን ማለታቸው ነው፤ በ2000 የወጣውን። ቄስ ዮሐንስ ፈረንጆች በአፈ ታሪክ ሲፈልጉት የኖሩት ክርስቲያን ንጉሥ ነው። በመጽሐፉ ግን ሰዎቹ ንጉሡን ፍለጋ የሚሄዱት ወደ ሩቅ ምሥራቅ ነው፤ "እሱስ እነዚህ ጋ ነው" ብለው እኛ ደጃፍ የደረሱት ኋላ ፖርቹጋሎች ናቸው። ይህን አልተናገርኩም። ለቅሶ ላይ ሰው አይታረምም። ደግሞም እኔ ያወቅሁት ከመጽሐፉ ጀርባ ነው።

ኤኮ ራሱ ይህን ሁሉ ሳያውቅ የቀረ አይመስለኝም። ሚላኖ ቤቱ 30,000 ያህል መጽሐፍ ነበረው። እንግዳ ሁሉ "ሁሉንም አንብበሃቸዋል?" ይለዋል። መልስ አዘጋጅቶላቸው ነበር፦ አይ፣ እነዚህ እስከሚቀጥለው ወር የማነባቸው ናቸው፤ ያነበብኳቸው ቢሮ ናቸው። በኑዛዜውም ለ10 ዓመት ስለ እሱ ጉባኤም ሴሚናርም እንዳይፈቀድ አደራ ብሏል። የሚሞላው 2026 ላይ ነው። ምሁራኑን ዝም አሰኛቸው። ባሩን ግን ረሳው።

ሲኞራዬ ከሁለት ዓመት በኋላ አረፉ። ልጃቸው "አንድ ነገር ለማስታወሻ ውሰጂ" ሲለኝ መጽሐፉን ወሰድኩ። አሁን ሳሎኔ ውስጥ ከቴሌቪዥኑ በላይ ተቀምጧል። የሊሬው ደረሰኝ ገጽ 74 ደርሷል። አሥራ ሦስት ገጽ በራሴ ጥረት።

ባለፈው እሑድ እንግዶች መጥተው ቡና እያፈላሁ፣ አንዷ መጽሐፉን አየችውና "ውይ፣ ይሄንን አንብበሽዋል?" አለችኝ። ጀበናውን ቀስ ብዬ አስቀመጥኩ።

"ልጅቷ እኮ" አልኳት፣ "በመጽሐፉ አትተርፍም።"