ቻን ሆ ናም ሲያረጅ የት ገባ?

የድሮ የጋንግስተር ፊልም ከስንት አመት በኋላ ቀጣይ ክፍል ሲሰራለት እኔ መጀመሪያ ማወቅ ምፈልገው ሰውየው አሁን ምን ሰርቶ እንደሚበላ ነው። ተኩሱ ምናምኑ ይደርሳል። ቻን ሆ ናም የሚባለውን የድሮ የፊልም ወንበዴና ጓደኞቹን የሰሩትን አክተሮች መልሶ የሰበሰበው የሆንግ ኮንግ ፊልም ጎልደን ጆብ (2018፣ አመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው) ይሄን ጥያቄ ላለመመለስ ሲል ብቻ አውሮፓ ድረስ ሄዶ መኪና ሲያጋጭ ይውላል፣ ለዛ ነው ያናደደኝ።

ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። በ1996 አንድሪው ላው የሚባል ዳይሬክተር ያንግ ኤንድ ዴንጀረስ ብሎ ከኮሚክ መጽሐፍ ላይ ፊልም ሰራ። ሁንግ ሂንግ የሚባል የፈጠራ ትራያድ አለ፣ ትራያድ ማለት እንግዲህ የቻይኖቹ የወንበዴ ማህበር ነው፣ እዛ ውስጥ ገብተው ያደጉ የሰፈር ልጆች ታሪክ ነው። ቻን ሆ ናም አለ፣ ኤኪን ቼንግ ነው የሚሰራው፣ ጓደኛው ቺክን አለ እሱን ጆርዳን ቻን፣ ረጅም ጸጉር፣ ደረት ላይ ንቅሳት፣ ኮዝዌይ ቤይ የሚባለው የሆንግ ኮንግ ሰፈር መሀል መንገድ ላይ በቆንጨራ መከታተፍ፣ ከስር ደሞ ሆድ የሚያባባ የጓደኝነት ዘፈን። ጎረምሳው አበደለት። በዛው አመት ብቻ ሦስት ክፍል ወጣ፣ ሦስት! እስከ 2000 ድረስ ስድስት ዋና ክፍል ደረሰ። ስድስተኛው ላይ ታሪኩ ታይዋንና ጃፓን ገብቷል፣ ቺክን የያኩዛ፣ የጃፓኖቹ የወንበዴ ማህበር፣ አለቃ ልጅ ያገባል፣ እዛ ጋር እኔ ልጆቹ እንደደከማቸው ገብቶኛል።

አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም። ይሄ ሁሉ የትራያድ ፍቅር ከመምጣቱ አራት አመት በፊት፣ በጃንዋሪ 1992፣ የሆንግ ኮንግ አክተሮችና ዳይሬክተሮች ትራያዶች በዛቻ በግድ ፊልም እያሰሩን ነው አንገታችንን ያዙን ብለው ሰልፍ ወጥተዋል። የእውነተኞቹን ግፍ ኢንዱስትሪው በደንብ ያውቀው ነበር ማለት ነው፣ ስክሪን ላይ ሲመጡ ግን ቆንጆ ሆነው ነው የመጡት። ገበያ ነው በቃ።

ከዛ ገበያው ራሱ ወደቀ። በ90ዎቹ መጀመሪያ በአመት ከ200 በላይ ፊልም ታመርት የነበረች ከተማ በ2000ዎቹ አጋማሽ 50 አካባቢ ደረሰች። በ2003 ከቻይና መንግስት ጋር የንግድ ስምምነት ተፈረመና ከዋናው ቻይና ካምፓኒዎች ጋር በጋራ የሚሰራ ፊልም እንደ ቻይና ፊልም ተቆጥሮ የውጭ ፊልም ኮታ ሳይነካው እንዲገባ ተፈቀደ። ደስ ይላል፣ ግን ሳንሱሩም አብሮ ይመጣል፣ ወንጀለኛ አሸንፎ የሚወጣበት ፊልም አያልፍም። ራሱ አንድሪው ላው ከአላን ማክ ጋር በ2002 የሰራውን ኢንፈርናል አፌርስን እዩት፣ በዋናው ፊልም መጨረሻ ላይ ፖሊስ ውስጥ የተሰገሰገው የወንበዴ ሰው ሳይነቃበት ይቀራል፣ ለዋናው ቻይና በተዘጋጀው መጨረሻ ግን ያው ሰውዬ ከሊፍቱ ሲወጣ ይያዛል። አንድ ፊልም ሁለት ፍርድ።

እንግዲህ ጎልደን ጆብ የመጣው እዚህ ውስጥ ነው። ኤኪን ቼንግ፣ ጆርዳን ቻን፣ ማይክል ቼ፣ ጄሪ ላም፣ የድሮዎቹ ፊቶች ተሰበሰቡ፣ ቺን ካ ሎክ ራሱ እየተወነ ዳይሬክት አደረገው። ስሙ ያንግ ኤንድ ዴንጀረስ አይደለም፣ ሁንግ ሂንግ የለም፣ ኮዝዌይ ቤይም የለም። ልጆቹ ቅጥር ወታደር ሆነዋል፣ ለስደተኞች የሚሆን መድኃኒት ከጫነ መኪና ላይ ሊዘርፉ ይነሱና ውስጡ ወርቅ ሆኖ ይገኛል፣ ከመሀላቸው አንዱ ከድቷል። ማለት፣ ዘራፊ ናቸው ግን ለበጎ አድራጎት! ኤኪንና ጆርዳን ሁለቱም የ1967 ልጆች ናቸው፣ ያኔ ሀምሳን አልፈዋል፣ ፊታቸው ላይ እድሜው ይታያል እና ፊልሙ እሱን ትቶ ወንድማማችነት ወንድማማችነት ይላል። ተመልካቹ ሲኒማ የገባው ለቻን ሆ ናም ነው፣ ይሄን ሁሉም ያውቃል፣ ፊልሙም ያውቃል፣ ስሙን ግን አፉ ላይ አያመጣውም። የናፍቆቱን ብር ይሰበስባል፣ ሰዎቹ ማን እንደነበሩ ሲጠየቅ ግን ዝም።

እኔን ከጠየቃችሁኝ የቻን ሆ ናም እውነተኛ ቀጣይ ክፍል ከዛ በፊት ወጥቷል፣ በሌላ ዳይሬክተር፣ በሌላ ስም። የጆኒ ቶ ኢሌክሽን 2 ነው፣ 2006። እዛ ያለው የትራያድ ማህበር በየሁለት አመቱ ሊቀመንበር ይመርጣል፣ ሽማግሌዎቹ ሻይ እየጠጡ ድምጽ ይሰጣሉ፣ በሁለቱም ክፍል አንድ ጥይት አይተኮስም፣ መገዳደሉ በድንጋይና በስለት ነው። ጂሚ (ሉዊስ ኩ) ሊቀመንበርነት አይፈልግም፣ ቻይና ውስጥ ቢዝነስ ሰርቶ ልጆቹ ዶክተር ጠበቃ እንዲሆኑለት ነው ህልሙ። ለቢዝነሱ ግን የቻይና ጸጥታ ባለስልጣን ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ ሰውየው ደግሞ ሊቀመንበር ሁንና እናያለን ነው ነገሩ። ጂሚ ሰው ቆራርጦ ለውሻ እስከመመገብ ደርሶ ወንበሩን ያገኛል። ከዛ ኮረብታ ላይ ባለስልጣኑ ረጋ ብሎ ሁለት አመት አይበቃም፣ ወንበሩ ካንተ ቤተሰብ አይወጣም፣ ጸጥታ እንፈልጋለን ይለዋል። ጂሚ በቡጢ ይመታዋል፣ ይደግመዋል፣ ሰውየው አይመልስለትም፣ ምን አስቸኮለው፣ ያሸነፈው እሱ ነው። ጂሚ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ እርጉዝ ናት።

ይሄ ነው እኔ ስለሸመገለ ጋንግስተር ማየት የምፈልገው። አያምርም፣ ዘፈን የለውም፣ ግን ሰውየው የት እንደገባ ይነግርሃል።

አንዳንዱ ሰው ጆኒ ቶ አጋነነው ይላል። እሺ፣ ከሆንግ ኮንግ አጠገብ ያለችውን የማካዎን ዋን ኩዎክ ኮይን ውሰዱ፣ ጥርሰ ሰባራው የሚባለውን፣ የ14ኬ ትራያድ አለቃ የነበረውን። በ1998 ስለራሱ ፊልም በራሱ ብር አሰራ፣ በዛው አመት ሜይ ላይ ታሰረ፣ በ2012 መጨረሻ ወጣ። ወጥቶ ቆንጨራ አላነሳም፣ የታሪክና የባህል ማህበር አቋቁሞ ኢንቨስተር ሆነ፣ አገር ወዳድ ሆነ፣ የአሜሪካ ግምጃ ቤት በ2020 ማዕቀብ ሲጥልበት ማህበሩንም አብሮ ከተተው። የትኛው ስክሪፕት ጸሐፊ ነው ይሄን ቢያመጣ የሚታመነው?

በ1998ቱ ፊልም ላይ እሱን ሆኖ የሰራው ደሞ ሳይመን ያም ነው፣ ያው ሳይመን ያም በያንግ ኤንድ ዴንጀረስ የሁንግ ሂንግ አለቃ፣ በኢሌክሽን ደሞ ጂሚ የሚፎካከረው ሊቀመንበር ሎክ ነበር። አሁን ሰባ አመት ገብቷል፣ አሁንም ይሰራል። ቀጣይ ክፍል ካላችሁ በቃ ለሱ ስጡት፣ ማህበር ሲመርቅ፣ ሪባን ሲቆርጥ፣ ከባለስልጣን ጋር ፎቶ ሲነሳ እንየው፣ የድሮ ልጆቹም ስራ ሊለምኑት ወረፋ ይያዙ፣ ቻን ሆ ናም ካለ እሱም እዛ ወረፋ ላይ ይገኛል።