ቃለ መጠይቁን ያየ ሰው አለ?

እኔ የምለው፣ እስከ መጨረሻው ያየው አለ? አንድ ሰው?

ቴይለር ኦትዌል ማለቴ ነው፤ ላራቬልን፣ እኛ ፕሮግራመሮች ድረ ገጽ የምንሠራበትን ነፃ የኮድ መሣሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የለቀቀው አሜሪካዊ። ድርጅቱ በ2024 አክሴል ከተባለ የኢንቨስትመንት ኩባንያ 57 ሚሊዮን ዶላር ከተቀበለ ወዲህ ሰውየው ቃለ መጠይቅ በሰጠ ቁጥር የእኛ ጠረጴዛ ይታመሳል።

እኔ ልየው ብዬ ከተነሣሁ ሦስት ቀኔ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። መጀመሪያ ቀን መብራት ሄደ። በማግስቱ መብራቱ መጣ፣ ኔትወርኩ ሄደ። ትናንት ሁለቱም ተገናኙልኝ ስል ጥቅሌ አለቀ፤ ሰውየው አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ጀኔሬተር ወዳለው ካፌ ወረድኩ።

እዚያ ፍርዱ ተሰጥቶ አልቋል። «ሸጠን!» ይላል አንዱ ማኪያቶውን እያማሰለ። ማንን ነው የሸጠው? ወንድሜ፣ አንተ ሰባት ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤት ክፍያ መመዝገቢያ፣ የመድኃኒት ቤት ዕቃ መቆጣጠሪያ እየሠራህ ስትሸጥ በማን መሣሪያ ነበር? አምስት ሳንቲም ከፍለሃል? አንድ ስሕተት አግኝተህ ጽፈህ ልከሃል? (እኔም የላክሁት አንዲት የፊደል እርማት ናት፤ አልመጻደቅም።) ጊዜ የለውም አሉ። ለስድብ ግን ከሰዓቱ ሙሉ የእሱ ነው።

«ነገ ክፈሉ ይሉናል» ይላል ሌላው። ላራቬል የወጣበት የአጠቃቀም ፈቃድ፣ የኤምአይቲ ፈቃድ የሚባለው፣ እኮ አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም! ተጠቀሙበት፣ ለውጡት፣ ሽጡት፤ የባለመብቱን ስምና ይህን ጽሑፍ ብቻ አታጥፉ፤ ቢበላሽ በእኔ አታላክኩ ነው የሚለው። አንዴ የወጣ ኮድ ተመልሶ አይታሰርም። ሰዎቹ ነገ ቢከፉ እንኳ ያለውን ወስዶ በሌላ ስም መቀጠል ይቻላል። ከስልኬ ላነብላቸው ስሞክር ያዳመጠኝ አስተናጋጁ ብቻ ነው፤ እሱም ሒሳብ ሊቀበል ቆሞ።

ሥጋት የለም አልወጣኝም። ባለሀብት ገንዘቡን የሚያወጣው ሊያተርፍበት ነው፤ ላራቬል ክላውድ የሚባለው፣ የተሠራውን ድረ ገጽ በክፍያ የሚያስተናግደው አገልግሎት የተከፈተውም ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ እንከራከር፤ እስከ ማታ እቀመጣለሁ። ግን መጀመሪያ የተናገረውን ስሙት!

የእኔው ሰውዬ አሁንም አፉን እንደከፈተ ነው። የቀረውን ያወረደ ካለ በፍላሽ ያምጣልኝ፤ ማኪያቶው በእኔ። ካፌው አለሁ፤ ጀኔሬተሩ ነዳጅ ካልጨረሰ።