አክተሩ ዝም ይበልልን

ነገሩ የተጀመረው በአንድ የለስላሳ ጣሳ ነው።

በ2001 ዓ.ም. ክረምት ነበር፣ ጅማ ፈረንጅ አራዳ፣ ወላጆቼ ቤት። ወንድሜ ከጓደኛው የገዛው አሮጌ ኮምፒውተር ሳሎን ውስጥ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ውጭ ዝናብ ነው። መብራት እስኪጠፋ ድረስ እንጫወታለን፤ ከጠፋ ሻይ እየጠጣን እንጠብቃለን። ያን ቀን የከፈትነው ሃፍ ላይፍ 2ን ነበር። ማውሱ እኔ እጅ ላይ ነው። ወንድሜና ለክረምት ከአጋሮ የመጣው የአጎቴ ልጅ ከኋላዬ ቆመዋል።

ጌሙን የማያውቅ ካለ በአጭሩ ልንገረው። ሲጀምር ባቡር ጣቢያ ውስጥ ናችሁ። ከተማዋን ወራሪ ይዟታል። መተላለፊያው ላይ ጭንብል ያጠለቀ ፖሊስ ቆሟል። ሲያያችሁ አንድ ባዶ ጣሳ በዱላው መትቶ መሬት ላይ ይጥልና "አንሳ" ይላል። አንስታችሁ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ብትከቱት ይስቅባችሁና ያሳልፋችኋል። ጣሳውን መልሳችሁ ብትወረውሩበት ደግሞ በዱላ ያባርራችኋል። የምትጫወቱት ሰው ጎርደን ፍሪማን የሚባል የፊዚክስ ሊቅ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ቃል አይተነፍስም።

እሱ ባይተነፍስም እኛ ተነፈስን። የአጎቴ ልጅ በአፋን ኦሮሞ "ሂንካሱ! አቲ ካሲ!" ብሎ ጮኸ። አላነሳም፣ አንተ አንሳው ማለቱ ነው። ወንድሜ "ወርውሪበት! ወርውሪበት!" ይላል። እኔ ምን እንዳልኩ እዚህ አልጽፈውም። እናቴ ከጓዳ "ማንን ነው የምትሳደቡት?" አለችን። ጣሳውን ወረወርኩ። ከዚያ በዱላ ተባረርን፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ይኼን ትዝታ ያነሳሁት ባለፈው እሑድ ከእህቴ ልጅ ጋር ስለተከራከርን ነው። ዕድሜው 16 ነው፤ ከእኔ የበለጠ ይጫወታል። በእኛ ሰፈር የጌሙ ዋና ሰው እንደ ፊልም "አክተር" ነው የሚባለው። ቡና እየተፈላ ሳለ እንዲህ አለኝ፦ "አክስቴ፣ አክተሩ የማይናገር ጌም እኮ የድሮ ነው። ያኔ አቅም ስላልነበራቸው ነው።" ብዙ ሰው እንደሱ ያስባል። እኔ ግን አልስማማም። በተለይ ለእኛ፣ በቋንቋችን ጌም ብዙም ለማይሠራልን ሰዎች፣ ዝም የሚለው አክተር ያረጀ ነገር አይደለም። በሰው አገር ታሪክ ውስጥ አፋችንን እንድንከፍት የተተወልን ቦታ እሱ ብቻ ነው።

የልጁ ነገር ግማሹ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ዜልዳ የሚባለው ጌም የመጀመሪያው ክፍል ሲወጣ አክተሩን ሊንክን ማናገር ቢፈልጉም የዚያን ጊዜ ማሽን ድምፅ የሚያስቀምጥበት ቦታ አልነበረውም። የ1998ቱ የመጀመሪያው ሃፍ ላይፍ ግን እንደዚያ አይደለም። እዚያ ሳይንቲስቶቹ ያወራሉ፣ ዘበኞቹ ይቀልዳሉ፣ ወታደሮቹ በሬዲዮ ይጠራራሉ። ዝም የሚለው ጎርደን ብቻ ነው። ድምፅ ጠፍቶ ሳይሆን ታስቦበት ነው። ካሜራውም ከጎርደን ዓይን አይወጣም። እሱ ያላየውን እናንተም አታዩም። እሱ የሚመልሰውን የምትመልሱት ደግሞ እናንተ ናችሁ።

ወደ ጌም ቤቱ ልውሰዳችሁ። አጂፕ አካባቢ በቆርቆሮ የተሠራች አንድ ክፍል ነበረች። ሦስት ቴሌቪዥን፣ ሦስት ፕሌይስቴሽን 2፣ አንዱ ጆይስቲክ በፕላስተር የታሰረ። ሴት ልጅ ስለማይገባበት ከወንድሜ ጋር ነበር የምሄደው። ሁለቱ ቴሌቪዥኖች ሁልጊዜ ኳስ ናቸው። ሦስተኛው ላይ ጂቲኤ የሚባለው የከተማ ወንበዴዎች ጌም አይጠፋም። እ.ኤ.አ. የ2001ዱ ጂቲኤ 3 አክተር ክሎድ ይባላል፤ እሱም አይናገርም። በ2002 ቀጣዩ ጂቲኤ፣ ቫይስ ሲቲ፣ ሲመጣ አክተሩ በተዋናይ ሬይ ሊዮታ ድምፅ መናገር ጀመረ። በ2004 ሳን አንድሪያስ መጣና አክተሩ ሲጄ የሰፈራችን ሰው ሆነ። እንግሊዝኛ የማይችሉ ልጆች የሲጄን ንግግር በቃላቸው ይወጡት ነበር፤ ትርጉሙን ሳያውቁ፣ ዜማውን ብቻ ይዘው።

ሳን አንድሪያስ ውስጥ ራሱ ክሎድ ብቅ ይላል። ሲጄ ከውድድር በኋላ ያገኘዋል። ሲጄ ያወራል፤ ክሎድ እዚያም ዝም። ሁለቱን አንድ ስክሪን ላይ ሳያቸው ልዩነቱ ገባኝ። ሲጄን እንወደዋለን፣ እንቀዳዋለን። ክሎድን ግን ማንም አይቀዳም፤ የሚቀዳ ነገር የለውም። ክሎድ ጆይስቲኩን የያዘውን ልጅ ነው የሚመስለው። የቆጪ ሰፈር ልጅ ሲይዘው ክሎድ ቆጪኛ ያወራል፣ የመንደራ ሰፈሩ ሲይዘው ሌላ። አንድ ዳውሮ ልጅ ነበር፣ ሲሸሽ በእናቱ ቋንቋ የሚጸልይ። ከጎኑ የተቀመጥነው ቃሉን አንሰማውም፤ ፍርሃቱን ግን እንሰማለን።

ሌላም አለ፤ ለእኔ ትልቁ ምናልባት ይኼ ነው። እንግሊዝኛዬን ግማሹን የተማርኩት ከጌም ነው። ፎልአውት 3 የሚባል ጌም ላይ ሰው ሲያናግራችሁ መልሳችሁ በጽሑፍ ይቀርባል፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። አራት አምስት ምርጫ ይደረደራል፤ ማንም አያጣድፋችሁም። መዝገበ ቃላት ገልጬ፣ አንዱን ከሌላው አመዛዝኜ ነበር የምመርጠው። የመረጥኩትን ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ አነበዋለሁ። ስለዚህ መልሱ በእኔ ድምፅ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2015 ፎልአውት 4 መጣ። አክተሩ መናገር ጀመረ፤ የወንድም የሴትም ድምፅ ተቀዳለት። ድካሙ ብዙ እንደሆነ አይካድም። ምርጫው ግን አራት አጫጭር ቃል ሆነ። አንዱን ትጫናላችሁ፤ አክተሩ ያላሰባችሁትን ይናገራል። በጨዋ ደንብ ልመልስ ብዬ የተጫንኩት ቃል ስንት ጊዜ አሽሙር ሆኖ ወጥቷል! ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ይኼ የሚያናድድ ነገር ነው። ለእኔ ግን በር መዘጋት ነበር፤ የማነበው ዓረፍተ ነገር ጠፋ፣ የምሰማው ፈጣን ንግግር መጣ። ብቻዬን አልነበርኩም። ተጫዋቾች ራሳቸው ሙሉውን ዓረፍተ ነገር የሚያሳይ ሞድ፣ ማለትም ጌሙን የሚቀይር ተጨማሪ ፋይል፣ ሠርተው አወጡ። ያው ኩባንያ፣ ቤተስዳ፣ በ2023 ስታርፊልድን ሲያወጣ አክተሩን መልሶ ዝም አሰኘው። ብሩ አንሶት አይመስለኝም።

የእህቴን ልጅ ግን ልበድለው አልፈልግም። ድምፅ የግድ የሚሆንበት ታሪክ አለ። ዴድ ስፔስ የሚባለው ጌም እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ አክተሩ አይዛክ የፍቅር ጓደኛውን ፍለጋ ያን ሁሉ መከራ ያያል፤ አንድ ቃል ግን አይወጣውም። እዚያ ዝምታው አይመችም፤ እንጨት ያስመስለዋል። በ2011ዱ ሁለተኛ ክፍል እንዲናገር አደረጉት፤ በ2023 የመጀመሪያውን እንደገና ሲሠሩትም ድምፁን ሰጡት። ደግ አደረጉ።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ሬድ ዴድ ሪደምሽን 2ን ነው። አክተሩ አርተር ሞርጋን፣ በተዋናይ ሮጀር ክላርክ ድምፅ። ጌሙን ያየሁት ጌም ቤት ነው፤ ያኔ ፕሌይስቴሽን 4 ገብቷል። አርተር ዕዳ ሊያስከፍል ሄዶ አንድ በሽተኛ ይደበድባል። ከዚያ ቀስ በቀስ ማሳል ይጀምራል። ከጀርባችን የቆመ አንድ ጎልማሳ ነበር፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ስድስት ወር ወስዶ የዳነ ሰው። ጨዋታውን አያውቀውም፣ እንግሊዝኛውም አይገባውም። "ይሄ ሳል ደህና አይደለም" አለ። ሐኪሙ ለአርተር ከመንገሩ በፊት ነው ያለው። ቤቱ ጸጥ አለ። ያ ሳል ባይኖር ያን ታሪክ መናገር አይቻልም ነበር። ሳል ግን ቋንቋ የለውም። ከአርተር ንግግር ሁሉ ለሁላችንም እኩል የደረሰን እሱ ነው፤ የቀረውን ሰብታይትል እያነበብን ነው የተከተልነው።

ዝምታ ራሱ ጠባይ ሊሆን እንደሚችልም ያየሁት እ.ኤ.አ. በ2017ቱ ዜልዳ፣ ብሬዝ ኦቭ ዘ ዋይልድ ላይ ነው። ሌሎቹ ሁሉ ይናገራሉ፤ ሊንክ ዝም ነው። የልዕልቷ የዜልዳ የቀን ማስታወሻ ሲገኝ ምክንያቱ ይነበባል፦ የሁሉ ዓይን ስላረፈበት፣ ጠንክሮ መታየት ስላለበት፣ ሸክሙን በዝምታ እንደሚሸከም ነግሯታል። ይኼን ሳነብ አያቴን አሰብኩ። አያቴ ቤት ውስጥ ችግር ሲገባ ቃል የማይወጣው ሰው ነበር። ዝም ስላለ የሌለ ሰው አልነበረም፤ ይበልጥ ያለ ሰው ነበር። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ማንም ሳይተረጉምልን እናውቀዋለን።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ጌም ለመሥራት የሚሞክሩ ወጣቶች ገጥመውኛል። አንድ ቀን ሄርማታ ገበያ ውስጥ የሚካሄድ፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የሚጫወቱት ታሪክ ይሠሩልናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። የመጀመሪያ ሐሳባቸው አክተሩን ማናገር እንደሆነ ነግረውኛል። ጓጉተዋል፤ ጉጉታቸው ይገባኛል። በቋንቋችን የሚናገር አክተር እስከ ዛሬ በተጫወትኩት ጌም ሁሉ አላጋጠመኝም። ቢሆንም እንዲያስቡበት እለምናቸዋለሁ።

አንደኛ ነገር፣ አማርኛ እንደ እንግሊዝኛ አይደለም። እንግሊዝኛው "ዩ" ብሎ ያልፋል። የኛው አፋን ኦሮሞም "አቲ" ሲል ወንድ ሴት አይለይም። አማርኛ ግን አፉን በከፈተ ቁጥር ይመርጣል፦ ና፣ ነይ፣ ይምጡ። ያ የባቡር ጣቢያ ፖሊስ በእንግሊዝኛ ሲያዘኝ እኔን ነበር ያዘዘው። በአማርኛ "አንሳ" ቢለኝ ግን ወንድሜን ነው ያዘዘው፤ እኔ ማውሱን ይዤ ተመልካች እሆናለሁ።

የባሰው ደግሞ አክተሩ ራሱ ሲናገር ነው። ገበያ መሃል አንዲት እናት ቡና ዘርግተው ተቀምጠዋል እንበል። አክተሩ "አንቺ፣ ዋጋው ስንት ነው?" ቢላቸው እኔ አፍራለሁ። ከአፌ ያልወጣ ቃል በእኔ ስም ወጣ። "እርስዎ" ቢላቸው ደግሞ ሰፈራችን ውስጥ አክስቱን በስሟ እየጠራ፣ "አንቺ" እያለ ያደገ ልጅ ይስቃል። ድምፁ የሚቀዳው አዲስ አበባ ከሆነ ደግሞ የጅማ ልጅ በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ያውቀዋል፤ "ይሄ የኛ አይደለም" ይላል፤ አለቀ።

ዝም ያለ አክተር ግን ይኼን ችግር ወደ ጨዋታ ይቀይረዋል። ምርጫውን በጽሑፍ አቅርቡልኝ። "አንቺ" ልበላቸው ወይስ "እርስዎ"? በአማርኛ ልጠይቅ ወይስ በአፋን ኦሮሞ? እሳቸውም እንደ አጠያየቄ ይመልሱልኝ፤ ዋጋ ይቀንሱ ወይም ፊታቸውን ያዙሩብኝ። ጅማ ያደገ ሰው በቀን ሃያ ጊዜ የሚያደርገው ምርጫ ነው። የትኛውም የውጭ ጌም ውስጥ አላየሁትም።

ለድምፅ የመደባችሁትን ብር ደግሞ በዙሪያው ላሉት አውጡት። ለገበያተኛዋ፣ ለባጃጅ ሹፌሩ፣ ለረዳቱ፣ ምሽት ላይ በረንዳ ለሚቀመጡት ሽማግሌ። የጅማን ዜማ የያዙ እውነተኛ ድምፆች ቅዱ። የሐሙስ ገበያ ጫጫታው ይሰማ። መሃሉ ላይ የቆመው ሰው አፉን ይዝጋ፤ እኛ አለንለት።

እሑድ ዕለት ከቡናው በኋላ ላፕቶፔን አመጣሁና ያን የድሮውን ጌም ለእህቴ ልጅ ከፈትኩለት። በስዕሉ ትንሽ አሾፈ። ባቡር ጣቢያው ውስጥ ዞረ። ፖሊሱ ጋ ደረሰ። ጣሳው ወደቀ። ልጁ እጁን ከማውሱ ሳያነሳ ዞር ብሎ አየኝ።

"ምን ልበለው?" አለኝ።

ዝም አልኩት።